የሾላ ግርጌው ጠሪ

ከእኔ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራው ኑርዬ፣ በአንድ ወቅት ድምፁ ሦስት ሸለቆ የሚሻገር ሰው ነበር ብላችሁ አታምኑኝም። እኔም አላመንኩም ነበር። ሐይቅ ከተማ፣ ረቢያ ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላን እስኪል ጎን ለጎን ስንኖር፣ የሚለውን ለመስማት ጆሮዬን ማስጠጋት ነበረብኝ። ሱቅ ሄዶ ሳሙና ሲጠይቅ ባለሱቁ «ምን?» ይለዋል። ሲደግምለት «ምን አሉኝ አባቴ?» ይለዋል። በሦስተኛው በጣቱ ያሳያል።

ማን እንደሆነ የነገረችኝ ረቢያ ናት። ረቢያ የግቢው ባለቤት ናት፤ የሐይቁን ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች፣ ምላሷም ከምትጠብስበት ዘይት አይተናነስም። «አንተ መምህር፣ ከማን ጋር እንደምትኖር አታውቅም እንዴ?» አለችኝ አንድ ቀን። «ይሄ እኮ የሾላ ግርጌው ጠሪ ነው!»

ሾላ ግርጌ ከውጫሌ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የምታስኬድ፣ ከአምባሰል ገደል ሥር የተለጠፈች መንደር ነበረች። ነበረች ነው የምለው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ቅሬ ደግሞ ጠሪ አለው። ሰው ሲሞት ጠሪው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥቶ የሟቹን ስም ይጠራል፤ የሰማ ወንድ ሁሉ፣ ሙስሊም በለው ክርስቲያን፣ አካፋውን ይዞ ይወጣል። ኑርዬ ይህን ሥራ ከአባቱ ተቀብሎ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ስልክ በየኪሱ ከገባ ወዲህ እንኳ «ኑርዬ ካልጠራው አልሞተም» ይባል ነበር አሉ።

በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ስም አልተሳሳተም። አንዴ ደሴ ታሞ የተኛ ሰው ሞቷል ብለው ቤተሰቦቹ እያለቀሱ ቢመጡና ጥራልን ቢሉት፣ «በዓይኑ ያየ ይምጣና ይንገረኝ» ብሎ ግማሽ ቀን አስጠብቋቸዋል። ሰውየው ዛሬም አለ፣ በግ ይነግዳል። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን ተረት ሌላው ለጨዋታ ሲጠቀምበት፣ ኑርዬ የሥራ መመሪያ አድርጎት ኖሯል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም፣ ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ አራት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በአምስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ከወንዙ ማዶ አንዲት አሮጊት አረፉ ተባለ። ኑርዬ ሱብሂ ሰግዶ ወንዙን ተሻገረ፣ ከመንደሩ ፊት ለፊት ያለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጣ፣ ስማቸውን ጠራ። ወንዶቹ አካፋ አካፋቸውን ይዘው ወደ መቃብሩ ሄዱ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሳያልቅ ከመንደሩ በላይ ያለው ተራራ ተናደ።

እሱ ሲያወራው እንዲህ ነው። «ሰዉ ነጎድጓድ ነበረው ይላል። እኔ እንዲያው ምንም አልሰማሁ መምህሬ። ሾላው ቆሞ ሲሄድ አየሁት። ዛፍ ቆሞ ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ? ከዚያ ቤቴን በዓይኔ ፈለግሁት፣ ቤቴ የለም።»

አሥራ አንድ ሰው አለቀ። አብዛኞቹ ቤት የቀሩ ሴቶችና ሽማግሌዎች ናቸው፤ ወንዶቹን ሊቀብሯት የወጡላት ሟች አዳነቻቸው። የሰባቱ አስከሬን ተገኘ፣ የአራቱ አልተገኘም። ከአራቱ አንዷ የኑርዬ ልጅ ሉብና ናት። ሃያ ዓመቷ ነበር። እናቷ እሷን ስትወልድ ሞታለች፤ ኑርዬ ሌላ ልጅ የለውም፣ ሌላ ሚስትም አላገባም።

ሦስት ቀን ተቆፈረ። በአራተኛው ቀን የመንደሩ ሼህ፣ አስከሬናቸው ላልተገኘው የሩቅ ጀናዛ ሶላት ይሰገድ አሉ። ከዚያ በፊት ግን ስም መጠራት አለበት። ዛሬስ ሌላ ሰው ይጥራ ቢባል ኑርዬ እምቢ አለ። ያው ድንጋይ ላይ ወጥቶ አሥራ አንዱንም ጠራ፤ የመጨረሻዋ ሉብና ነበረች። አራት ቀበሌ ሕዝብ መጣ። የተረፉት ሰዎች በየዘመዱ ሲበተኑ እሱ ሐይቅ ወርዶ የረቢያን አንድ ክፍል ተከራየ፣ የአጥማጆችን መረብ መጠገን ጀመረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

እኔ ቢያድግልኝ እባላለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው፣ በበዓል ይደውላሉ። ኑርዬ የከሰዓቱን ሶላት፣ አሱርን፣ ከሰገደ በኋላ ሐይቁ ዳር አንዲት የተጣለች ጀልባ ላይ እንቀመጣለን። እሱ መረቡን ይጠግናል፣ እኔ ደብተር አርማለሁ። አንዳንድ ቀን ከሰላምታ ሌላ ቃል አንለዋወጥም። ብቻውን የሚኖር ሰው ከሌላ ብቸኛ ጋር ስለተቀመጠ ብቸኝነቱ አይጠፋም፤ ቢሆንም ቀኑ ሲያጋድል ወዴት ልሂድ የሚለው ጥያቄ ይቀርለታል። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ስልክ የለውም። የነበረው ከቤቱ ጋር አፈር ውስጥ ቀርቷል። «የድሮ ቁጥርህን አስወጣ እንጂ» ስለው፣ «ማን ሊደውልልኝ?» ይለኛል። ወደ ደብተሬ እመለሳለሁ።

ከናዳው በኋላ አርባ ቀን ሳይሞላ ሙታኑ ታዩ የሚል ወሬ ጀመረ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ጄሪካን ያዘለች ሴት መንገድ ስትሻገር አይቶ ቆመላት፤ ቀና ሲል ሴትም የለች፣ ጄሪካንም የለ። ሌላው ከአፈሩ ሥር ዶሮ ሲጮህ ሰማ። አራጋው የሚባሉ ሽማግሌ ማረሻቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ ናዳው በራቸው ላይ ደርሶባቸው ነበር፤ እሳቸውን ደግሞ ከገደሉ ማዶ ማረሻ ተሸክመው እጃቸውን ለሰላምታ ሲያነሱ አየናቸው ያሉ ሦስት ሰዎች ናቸው። ውጫሌ ገበያ በዋለ ቁጥር የሾላ ግርጌ ሙታን ቁጥር ይጨምራል።

ማመን አለማመኑ ላይ ሁሉም የየራሱ ሊቅ ሆነ። ሼሁ «የሟች ሩህ ከሄደችበት አትመለስም፤ የሚታየው በሰው መልክ የሚመጣ ጂን ነው» አሉ። የውጫሌው ቄስም በጂን ፈንታ ሰይጣን ከማለታቸው በቀር ያው ነው ያሉት። ረቢያ ደግሞ «ሳይሰናበት የሄደ ሰው ሳይሰናበት አይቀርም፣ በቃ» ብላ ዓሣዋን ገለበጠች። እኔ ደግሞ ሳይንስ አለኝ። ጀልባዋ ላይ ተቀምጠን ለኑርዬ ክፍል እንደገባ ሰው አብራራሁለት።

«ትልቅ መዓት የወረደበት አገር ሁሉ ሙት ይታያል» አልኩት። «ባሕር የበላው አገርም፣ መሬት የተንቀጠቀጠበት አገርም ወሬው አንድ ነው። ዓይን ከለመደው ሰው ቶሎ አይላቀቅም። ሐዘን ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም።»

ኑርዬ መረቡን ትንሽ ሰፋና፣ «ታዲያ እኔ ለምን አላይም?» አለኝ። «እኔ አላዘንኩም?»

ለካ ሰውየው ሁሉም የየራሱን ሙት ሲያይ የእሱ ብቻ ሳትመጣበት ቀርታ ቅር ብሎት ኖሯል።

በዓመት ከመንፈቁ፣ የካቲት ላይ፣ ኢስሃቅ መጣ። ኢስሃቅ የሾላ ግርጌ ሰው፣ የኑርዬ አጥር ጎረቤት ነው፤ እሱም መቃብር ሲቆፍር የተረፈ። ሐይቁ ዳር ድረስ ፈልጎን መጣና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ኑርዬ፣ ሉብናን አየኋት።»

ኑርዬ መርፌውን አቆመ።

«ጁምዓ ዕለት ነው። አሱር አልፏል። የተረፈችኝን ቁራሽ መሬት ላያት ሄድኩ። ቤትህ የነበረበት አፈር ላይ ጥቁር አባያ የለበሰች ሴት ተቀምጣለች። የፊቷን መሸፈኛ ገለጠችው። ወላሂ ሉብና ናት! እንደ ድሮዋ ‹ጋሼ ኢስሃቅ› ብላ ጠራችኝና ወደ እኔ መጣች። ጂን የሚያባርረውን አያተል ኩርሲ ቀራሁ፣ አልጠፋ አለች። ድንጋይ ወረወርኩባት። ‹ወይኔ!› ብላ ግንባሯን ያዘች። ከዚያ ወዲያ አላየሁም፣ እግሬ አውጪኝ ብያለሁ።»

ሳይንሱ ለአንድ አፍታ ጠፍቶብኝ አማተብኩ። ከዚያ እንደ ምንም ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ የጁምዓውን፣ የድካሙን፣ የፀሐዩን ነገር እያነሳሁ ለኢስሃቅ አስረዳሁት። ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት። ስመለስ ኑርዬ መርፌውን እንደያዘ ነው።

«አንተ ታምናለህ መምህሬ?»

«አላምንም።»

«እንግዲያው እኔም አላምንም» አለና አንገቱን ደፋ።

እውነቱን ልናገር። አላምንም ያልኩት ፊዚክስ ስለማውቅ ብቻ አልነበረም። ሄዶ እዚያ አፈር ላይ መቀመጥ ቢጀምር ከእንግዲህ ጀልባዋ ላይ ብቻዬን ነኝ። ይህን ያን ጊዜ ለራሴም አልነገርኩትም።

ከዚያ በኋላ ሉብናን ያላየ የለም ተባለ። ሁልጊዜ ጁምዓ፣ ሁልጊዜ ያው ቦታ፣ ሁልጊዜ ያው ጥቁር አባያ። አንዷ እንጨት ልትለቅም ሄዳ አይታት እንጨቷን በትና ሮጠች። ሌላው ቁርዓን ከፍቶ ከሩቅ ቀራባት። ሙታን የሚለቀቁት ጁምዓ ነው ያሉም ነበሩ። ሰዉ አየ፣ ሮጠ፣ አወራ። ቆሞ አንድ ቃል የጠየቃት አልነበረም። ኑርዬ ደግሞ አላየም፣ አልሮጠም፣ አላወራም። ብቻ ጁምዓ ጁምዓ የሚቋጥረው ቋጠሮ እየተበላሸ ቅዳሜ ሲፈታው ይውላል።

እንዲህ እንዲህ እያልን ግንቦት ደረሰ። አንድ ጁምዓ ጠዋት ትምህርት አልነበረኝም፤ ረቢያ መጥበሻዋን ስትጥድ እኛ አጠገቧ ተቀምጠናል። አንዲት ከዓረብ አገር የተመለሰች የሚመስል ወጣት ዓሣ ልትገዛ መጣች፤ ጥቁር አባያዋ ከመሬቱ አቧራ ይጠርጋል። ኑርዬ ልጅቷ ሄዳ እስክትሰወር ድረስ ዓይኑን አልነቀለም።

«መምህሬ፣ ኢስሃቅ ምን ለብሳ አየኋት ነው ያለህ?»

«አባያ። ጥቁር አባያ።»

«ሉብና አባያ አልነበራትም።»

ረቢያ ማገላበጧን ተወች።

«ነጠላና አንድ አበባ ያለው ቀሚስ ነበራት» አለ ኑርዬ። «ሙት በነበረው ልብስ አይደል የሚታየው? አራጋው በማረሻው፣ ያቺም በጄሪካኗ። የእኔ ልጅ አባያውን ከየት አመጣችው?»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆችን «ያያችሁትን ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፣ ጠይቁ» ስል ኖሬአለሁ። ጂን በድንጋይ ሲመቱት «ወይኔ» ይላል ወይ ብዬ ግን አልጠየቅሁም። እጁን ያዝኩት። ያኔ ነው ለማንም ያልነገረውን የነገረኝ።

«ዓረብ አገር ልሂድ ብላ አንድ ዓመት ጨቀጨቀችኝ። ናዳው ከመምጣቱ በፊት በነበረው ማታ ተጣላን። ‹ይህን ቤት ትተሽ ከሄድሽ ሞታለች ብዬ እጠራሻለሁ› አልኳት። አባት እንዲህ ይላል? ጠሪ አባት እንዲህ ይላል? ዝም አለችኝ። ሱብሂ ላይ ስወጣ ተሸፋፍና ተኝታለች።» ድምፁ ጭራሽ ጠፋ። «ተሸፋፍና ያልኩት ብርድ ልብሱን ነው መምህሬ። አልገለጥኳትም። የሰውን ሞት በዓይኑ ያየ ይምጣ እያልኩ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬ፣ በዓይኔ ሳላይ የጠራሁት አንድ ስም የልጄን ነው። ቁጣዬ ነው የገደላት እያልኩ ስንት ዓመት! ሩህም ብትሆን ሄጄ የማላያት ይህንን እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ ነው።»

«ተነሣ» አለችው ረቢያ። «ምን ትጠብቃለህ? ተነሣ እንጂ! አንተም መምህር፣ ተነሣ!»

በሚኒባስ ውጫሌ ገባን። ኑርዬ ጁምዓውን እዚያው ሰገደ፣ እኔ ከመስጊዱ አጥር ውጭ ጠበቅሁት። ባጃጅ እስከሚደርስበት ድረስ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግር ሄድን። መንገድ ላይ ያየነውን ሰው ሁሉ ሰላም ስንል ወዴት እንደምንሄድ የገባው ፊቱን ያዞራል። ኑርዬ ከፊቴ ይሄዳል፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ልደርስበት አልቻልኩም።

ወንዙ በበጋው ደርቋል። ድንጋዩ እንዳለ ነው። ከድንጋዩ ወዲያ፣ የድንጋይ ውርወራ በሚሆን ርቀት፣ ናዳው ያመጣው ቀይ አፈር ተዘርግቷል፤ ላዩ ላይ ሣር በቅሏል። ሣሩ መካከል ጥቁር የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣለች። አላምንም ያልኩ ሰው እኔ ነኝ፤ በማምነውና በማላምነው መካከል ቆሜ ዳዊት ደገምኩ።

ኑርዬ ድንጋዩ ላይ ወጣ። አፉን ከፈተ፣ ምንም አልወጣም። ደግሞ ከፈተ። ጉሮሮው ዝጎ እንደከረመ የበር ማጠፊያ ሲንቋቋ ሰማሁት። በሦስተኛው ወጣ።

«ሉብና!»

ሦስት ሸለቆ የሚሻገረው ድምፅ ይህ ነው። ገደሉ መልሶ አመጣው። ሴትየዋ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ዞረች። አየችን።

ከዚያ ሮጠች።

ሁሉም ከእሷ እንደሮጠ ከአባቷ ሮጠች። አደናቅፏት ወደቀች፣ ተነሣች፣ ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ ገባች። ኑርዬ ከድንጋዩ ወርዶ ሁለት እርምጃ ሲራመድ ከቋጥኙ ጀርባ «አትምጣ! በአላህ ይሁንብህ አትምጣ!» የሚል ጩኸት መጣ። ያን ጊዜ ገባኝ። ይህች ልጅ ጁምዓ ጁምዓ እዚህ የምትቀመጠው የአባቷ መቃብር ላይ ነው። ሙት ሲጠራት የሰማች እሷ ናት።

ኑርዬም ገብቶታል። ባለበት ቆመ፣ እጆቹን ዘረጋ። «እኔ ነኝ የኔ ልጅ፣ አልሞትኩም» አለ፤ ይህን ግን የትኛውም ሙት ሊለው ይችላል። ከቋጥኙ በላይ አንድ እጅ ብቅ አለ። ድንጋዩ መጥቶ ቅንድቡ ላይ አረፈ።

«ወይኔ እናቴ!» አለ ኑርዬ፣ ተቀመጠ። ደሙ በጣቶቹ መካከል ወረደ። «ኧረ ምነው ልጄ፣ ገደልሽኝ እኮ!»

ከቋጥኙ ጀርባ ፊቷ ወጣ፤ ያባቷ ፊት ነው፣ ግንባሯ ላይ የኢስሃቅ ድንጋይ የተወው ጠባሳ አለ። ደሙን አየች። እየተራመደች፣ እየቆመች፣ እየተራመደች መጣች። በአንድ ጣቷ ቅንድቡን ነካችና ጣቷን አየች።

«አባ» አለች። «ትደማለህ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን መመልከት የእኔ ፋንታ ስላልነበረ ዞሬ ወንዙን አየሁ። ደረቅ ወንዝ ነው፣ የሚታይ ነገር የለውም፤ ቢሆንም ለረጅም ጊዜ አየሁት። አለቀስኩ።

የሆነው እንዲህ ነው። ያን ቀን ጎህ ሲቀድ ወንዱ ሁሉ ለቀብር ሲወጣ መንገዱ ሰው አልባ ስለሚሆን፣ ሉብና ብርድ ልብሱን በትራስ ሞልታ፣ በጓሮ በኩል ወጣች። አባቷ የአሮጊቷን ስም ሲጠራ ከኋላዋ እየሰማች ሄደች። ናዳው ሲወርድ መኪና ላይ ነበረች። በረሃውን ተሻገረች፣ ባሕሩን ተሻገረች፣ ድንበር ላይ ተይዛ ከአንድ ዓመት በላይ ታሰረች፤ ከሌሎች ጋር በአውሮፕላን ሲመልሷት ከለበሰችው አባያ ሌላ አልነበራትም። የአባቷ ስልክ አይሠራም። መርሳ ከተማ ስትደርስ የጠየቀችው ሰው «ከሾላ ግርጌ የተረፈ የለም» አላት። መጥታ አፈሩን አየች። የምታውቀው የመጀመሪያው ሰው፣ ጋሼ ኢስሃቅ፣ በድንጋይ መታት። የተረፈ ሰው እንዳለ ያኔ አውቃለች፤ አባቷን ግን ያን ጠዋት ጠርቶ ወደ ቤቱ የተመለሰ ስለመሰላት ከሙታኑ ቆጥራዋለች፤ የሚያውቃትም ሁሉ ሲያያት ይሮጣል፣ ማንን ትጠይቅ? ፊቷን ሸፍና መርሳ አንድ ምግብ ቤት ዕቃ ታጥባለች። ቤቱ ጁምዓ ከሰዓት ስለሚዘጋ ትመጣለች።

«አፉ ሳትለኝ ሞተህብኝ ነበር» አለችው። «አፉ በለኝ ልልህ ነው የምመጣው። የሰማኸኝ አልመሰለኝም።»

«እኔን አፉ በይኝ» አለ ኑርዬ። «እኔ ነኝ ጥፋተኛው።»

ተቀምጠን ጥቂት ካረፍን በኋላ፣ «ይሄን ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው አልቀረበሽም?» ብዬ ጠየቅኋት። «አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ የማይሮጡ» አለችኝ። «ከገደሉ ማዶ ማረሻ ተሸክመው ያልፋሉ፤ እጃቸውን አንሥተው ሰላም ይሉኛል። ርቀው ስለሆነ ማን እንደሆኑ አልለየኋቸውም።» እኔና ኑርዬ ተያየን። እንዲህ ላለው ነገር ማብራሪያ ነበረኝ፤ ያን ቀን ግን አላወጣሁትም።

ፀሐይ ወደ ገደሉ ስታዘነብል ኑርዬ ተነሣ። ቅንድቡን በነጠላዬ ቅዳጅ አስረንለታል። ድንጋዩ ላይ ወጣ። የቅሬ ሕግ የተጠራ ስም አይመለስም ይላል፤ ሶላቱ ተሰግዷል፣ ሰደቃው ተበልቷል። ተመልሶ የጠራ ጠሪ ከአባት አያት ታይቶ አይታወቅም። ይህን ሁሉ እያወቀ ነው የወጣው።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» አለ። ሸለቆው ተቀበለው። «ልጄን ሉብናን ሞታለች ብዬ ጠርቻችሁ ነበር! በዓይኔ ሳላይ ጠራሁ! አለች! እዚህ አጠገቤ ቆማለች! እስካሁን የወለድኩት ጠፍቶ ኖረ፣ ከእንግዲህ የተናገርኩት ይጥፋ!»

ሦስት ጊዜ ጠራ። ማዶ ካሉት ቤቶች አንዲት ሴት ወጥታ ልጆቿን ሰብስባ ስትገባ አየናት፤ በር ተዘጋ። ሌላም በር ተዘጋ። ለሞቷ አራት ቀበሌ መጥቶ ነበር። ሉብና ከድንጋዩ ሥር ቆማ መንገዱን ታያለች፤ መንገዱ ባዶ ነው። ኑርዬ ግን አልወረደም። ሰው ከጠራ እስኪመጡ ይጠብቃል፣ ልማዱ ነው።

ጥላው የናዳውን ግማሽ ሲሸፍን ከታች በኩል አንድ ሰው ብቻውን ሲመጣ አየን። ኢስሃቅ ነበር። ትከሻው ላይ አካፋ አለ። ኑርዬ ከጠራ አካፋ ይዞ መውጣት እንጂ ሌላ አያውቅም፣ ለካ ለዚህኛው ጥሪ ምን ይዞ እንደሚወጣ ማንም አልነገረውም። አጠገባችን ሲደርስ ቆመ፣ ሉብናን አየ፣ ግንባሯን አየ፣ አካፋውን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ጋሼ ኢስሃቅ» አለችው። «ዛሬ አይሮጡም?»

አካፋውን መሬት ላይ አስተኝቶ አጠገቡ ተቀመጠና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ኑርዬም ያኔ ከድንጋዩ ወረደ። አራት ሆነን ፀሐይ ገብታ መግሪብ እስኪደርስ ተቀመጥን፤ ሌላ ሰው አልመጣም።